በጎማ ጫማ የሞከርኩት ማይክራፎን

የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ አምፕሊፋየር የጠገንኩት መካነ ሰላም ከተማ ባለው ሱቄ ውስጥ ነው። የመብራት ኃይሉ ወደ ማይክራፎኑ አልፎ ሰው እንዳይነዝር የሚለየው ትንሽ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነበርና ከሌላ አሮጌ ዕቃ ነቅዬ ተካሁት። ማይክራፎኑን ይዤ ሞከርኩ፤ አልነዘረኝም።

እሑድ ዝናቡ ሲያባራ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። እግሬ ጭቃውን ሲነካ ክው አልኩ። እኔ ጅሉ፣ ሱቅ ውስጥ የሞከርኩት ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ጎማ ጫማ አድርጌ ነበር! መሪጌታው በባዶ እግራቸው ወደ ብረቱ ማይክራፎን እየሄዱ ነው። ሮጬ ቀደምኳቸውና ዓይኔን ጨፍኜ ጨበጥኩት።

ምንም አልሆንኩም።

«ምነው ልጄ፣ ልታስተምረን ነው እንዴ?» አሉኝ መሪጌታው።

ከዚያ ወዲህ ማይክራፎን የምሞክረው ወለሉ ላይ ውሃ ረጭቼ፣ በባዶ እግሬ ቆሜ ነው።