ጋሽ ወርቁ የሚያውቀው ፊት

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ጭሮ ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር። የእህቴ ልጅ ናሆም በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፤ እኔ አጠገቡ ጥንቅሽ እልጣለሁ። በኅዳር ጥንቅሽ ከገጠር ሲገባ ዕድሜዬን ያስረሳኛል፤ ጥርሴ ግን አይረሳም። ናሆም አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። እናቱ፣ ታላቅ እህቴ ምስራቅ፣ የምትኖረው በደሳ ነው፤ እሱ ለትምህርት ብሎ እኔ ዘንድ መጥቶ ተቀምጧል። የኳስ ጌም ሲጫወት አልከፋበትም፤ ከጎረምሳ ጋር ለመዋል ከመሄድ ይሻላል እያልኩ እተወዋለሁ።

ጌሙ መሀል ላይ ቆመና ማስታወቂያ ገባ። የሌላ ጌም ማስታወቂያ ነው። አንዲት ሴት እጇ ታስሮ ተንበርክካለች። ልብሷ ከትከሻዋ ተቀዶ ወርዷል። አንድ ሰውዬ ፀጉሯን ጨብጦ ይዟል። ከሥር ሁለት ምልክቶች አሉ፤ አንደኛው የተዘረጋ እጅ፣ ሁለተኛው ቡጢ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጣት መጥቶ ቡጢውን ነካ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ምንም። ማስታወቂያ ነው፣ አሁን ያልፋል።»

«ሴትዮዋስ?»

«ማንም አይደለችም እኮ አክስቴ። ሥዕል ናት።»

በክፋት አልተናገረውም። ናሆም ባለጌ ልጅ አይደለም፤ ውኃ ቀድቶ ለጎረቤት አሮጊት የሚያደርስ ልጅ ነው። እናቱንም በጣም ይወዳታል። ስልኩ ላይ ያለችው የእናቱ ፎቶ ግን አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም ልብስ ስታሰጣ ከጀርባዋ የተነሳች። ካሜራ ሲወጣ ምስራቅ ወይ ተነስታ ትሄዳለች፣ ወይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። ለምን እንደሆነ ስንት ጊዜ ጠይቆኛል። «እናትህ ፎቶ አትወድም» እያልኩ አልፌዋለሁ።

«ማንም አይደለችም፣ ሥዕል ናት» የሚለውን ግን ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ እዚሁ ከተማ፣ ከጋሽ ወርቁ አፍ።

ጋሽ ወርቁ ጎረቤታችን ነበር፣ የማስታወቂያ ጸሐፊ። በዚያን ጊዜ ጭሮ ውስጥ የሱቅ ስም፣ የባጃጅ ጥቅስ፣ የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ሁሉ ከእሱ እጅ የሚወጣ ነበር። ፊደሉ ያምራል። በግና ዛፍም ይሞክራል። የሴት ፊት ግን እምቢ ይለዋል፤ ወይ ወንድ ይሆንበታል ወይ በግ። አንዲት የሴቶች ፀጉር ቤት ባለቤት ሙሽራ ሣልልኝ ስትለው፣ «ከሰው ካላየሁ አልችልም» አለና አባታችንን አስፈቅዶ ምስራቅን በራችን ላይ አስቀመጣት። እኔ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ እሷ ኮሌጅ ገብታ የሂሳብ ትምህርት ጀምራለች። እሷ እንዳትስቅ ስትታገል፣ እሱ በእርሳስ ሲሞነጫጭር፣ እማዬ «ቀና በይ፣ አንገትሽን» ስትል ከሰዓት በኋላዎቹ አለቁ።

ሙሽራዋ ቁርጥ ምስራቅን ወጣች። ከዚያ ወዲያ የጋሽ ወርቁ እጅ ያንን ፊት ለመደውና ሌላ መልመድ ተወ። ልብስ ሰፊው ሱቅ ላይ ያችው ናት፤ ጭማቂ ቤቱ ላይ ብርጭቆ ይዛ ያችው ናት፤ ጤና ጣቢያው አጥር ላይ ሕፃን ታቅፋ ያችው። ሰው «የወርቁ ሴት» ይላታል። እማዬ በባጃጅ ስታልፍ ሹፌሩን ቀስ በል ትል ነበር፣ ምስሏን አይታ እንድትጠግብ። ምስራቅም ትቀልዳለች፤ «ሳላገባ ጤና ጣቢያው ልጅ አስታቀፈኝ» ትላለች።

በዚያው ዓመት ፍቃዱ የሚባል ጎረምሳ ከድሬ ዳዋ መጥቶ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጌም ቤት ከፈተ። መጋረጃ የተጋረደበት ክፍል፣ ቴሌቪዥኖች፣ አግዳሚ ወንበሮች። ከትምህርት ቤት የሚጠፋ ሁሉ እዚያ ገባ። ፍቃዱ ከጌሙ ጋር የመጣ ማስታወቂያ ወረቀት ነበረው፤ ያንን ለጋሽ ወርቁ ሰጥቶ ውጪው ግድግዳ ላይ አተልቀህ ሣልልኝ አለው።

በዐቢይ ጾም፣ የበልግ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን፣ እኔና ምስራቅ መናኸሪያው ጋ የምስር ሳምቡሳ ገዝተን በደብተር ወረቀት ጠቅልለን ስንወጣ አየነው። ጠመንጃ የያዘ ትልቅ ሰውዬ ቆሟል። ጫማው አንዲት የወደቀች ሴት ደረት ላይ ነው። ሴትየዋ ልብስ አላት ለማለት ያህል ነው ያላት። ከጡቷ ሥር ደም ይወርዳል። እንዴት እንደተጋደመች አሁንም መናገር ይከብደኛል፤ ለዓይን እንድትመች ተደርጋ ነው የሞተችው። ወረቀቱ ላይ ፊቷ ትንሽ ሆኖ በደንብ አይታይም ነበር አሉ። ጋሽ ወርቁ ግን ግድግዳውን ሊሞላ ሲሞክር እጁ ወደሚያውቀው ፊት ሄደ።

ምስራቅ ቆመች። «ይቺ እኔ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የሳምቡሳው ዘይት ወረቀቱን አልፎ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ይታወቀኛል፤ ግን አልጣልኩትም።

አባዬ ጋሽ ወርቁን ሊያናግረው ሲሄድ ተከትዬው ነበር። ጋሽ ወርቁ ብሩሹን በናፍጣ እያጠበ ከልቡ ተገረመ። «ማንም አይደለችም እኮ፣ ሥዕል ናት። ሴት ሣል ተባልኩ፣ የማውቀውን ሣልኩ» አለ። ፍቃዱም መጋረጃውን ገልጦ ወጣና፣ «አቦ አባባ፣ እኔ አልፈጠርኩትም፣ ከውጭ ነው እንዲህ ሆኖ የመጣው። እሷ ባትኖር ማን ዞር ብሎ ያየዋል?» አለን። እውነቱን ነው፣ ሰው ዞር እያለ ያይ ነበር።

ከዚያ የምስራቅ መንገድ ተበላሸ። ወደ ኮሌጅ የሚወስደው በዚያው በመናኸሪያው በኩል ነው። ጎረምሶቹ ሥዕሉ ላይ ሲጋራ ያጠፋሉ፣ እንጨት ይወረውራሉ። እሷ ስታልፍ «ተነሳሽ እንዴ? ትናንት ሞተሽ አልነበር?» ይሏታል። በታች በወንዙ በኩል መዞር ጀመረች፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ ትምህርቱም ያመልጣታል። ትምህርቱን ካቋረጠች የሚጠብቃት እንደ አክስታችን በደሳ ገበያ ጨርቅ መሸጥ እንደሆነ ታውቃለች፤ ያንን አትፈልግም ነበር። አንድ ቀን፣ «መንገዱ የእኔም ነው» ብላ ጫማዋን አጥባ በላይኛው መንገድ ሄደች።

የመጣችው ከላይ እስከ ታች ጭቃ ለብሳ ነው። የሸሚዟ አንገት ተቀዷል። ነጩ ሸሚዝ ደረቱ ላይ የጫማ ሶል ታትሞበታል፣ ጥርሱ ሁሉ ሳይቀር። ዳዊት የሚባል የጎረቤት ልጅ፣ እኛ ቤት በልቶ ያደገ፣ ከግድግዳው ሥር ገፍትሮ ጥሏት ነው። ሌሎቹ እጇን ያዙ፤ እሱ ሸሚዟን ቀደደና እግሩን ጫነባት። አንዱ ደግሞ በሞባይል አነሳቸው። እማዬ ሸሚዙን ልታጥብ ብድግ ስትል አባዬ፣ «ተይው፣ ለሽማግሌ ይታያል» አላት።

ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ተቀመጡ። ኦቦ አህመድ የተባሉ የጫት ነጋዴ፣ አንድ ቄስና የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ሸሚዙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዳዊት መሬት መሬት እያየ፣ «እየተጫወትን ነበር። ሥዕሉን ነው ያስመሰልነው» አለ። ሲዋሽ አይመስልም ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ዳዊት ጉልበት ሳመ፤ የአባቴን ጉልበት። የምስራቅን ሳም ያለው ሰው የለም። ከዚያ ኦቦ አህመድ፣ «ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ማል ጎና፣ ምን እናድርግ? ፊቱ ይጥፋ፣ ነገሩም አብሮ ይጥፋ» አሉ።

«ገላዋስ? ደሙስ?» አለች ምስራቅ።

«እሱማ አንቺ አይደለሽም» አሉ ቄሱ፣ ሊያጽናኗት ብለው።

ሁሉም ተስማማ። አባዬም ተስማማ፣ የልጁ ፊት ነበር የጨነቀው። በማግስቱ ጋሽ ወርቁ መሰላል ይዞ መጣና ፊቱን በአመድማ ቀለም ሸፈነው። አንገቷን እንዳያበላሽ ከጠርዙ ላይ ተጠንቅቆ ነው የሠራው፤ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር። የቀረው እንደነበረ ቀረ፤ ጫማው፣ ደሙ፣ የተጋደመው ገላ፣ ከላይ ባዶ ክብ።

ባዶው ክብ ባዶ ሆኖ አልቆየም። አንድ ጠዋት በከሰል የልብስ ሰፊው ልጅ ስም ተጻፈበት። ከዚያ የአንዲት የክፍሌ ልጅ። ጎረምሶቹ የተናደዱባትን ወይም ያልተመለከተቻቸውን ልጅ ስም እየቀያየሩ ይጽፉ ጀመር። አንድ ቀን ከምስራቅ ጋር ስናልፍ የእኔን ስም አገኘነው። ሰብለ። የማንበብ ችሎታዬ የጠፋ መሰለኝ። ምስራቅ ጎረምሶቹ እያዩዋት ሄዳ በመዳፏ አጠፋችው፤ እጇ ጠቆረ። መንገድ ላይ እጇን ሳትጠርግ፣ «ፊቴን ባያጠፉት ይሻል ነበር፤ እኔ አንድ ነበርኩ» አለችኝ።

በነጋታው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኖራ በባልዲ በጥብጣ ሄደችና ሥዕሉን ከአንገት እስከ እግር ለቀለቀችው። ሰውዬውን አልነካችውም። ለምን ተውሽው ብላት፣ «እሱን ይዩት፤ ብቻውን ሲቀር ማን ላይ እንደቆመ ይታያል» አለች።

ፍቃዱ ንብረቴ ተበላሸ ብሎ ከሰሰ። ያው ሽማግሌዎች ያው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ፤ ለሸሚዙ ጉዳይ ከመጡበት ጊዜ ፈጥነው ነው የመጡት። በዚህ ጊዜ ጥፋተኛዋ ምስራቅ ነበረች። ይቅርታ ጠይቂና ነገሩ ይዘጋ አሏት። ቆማ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። «አልጠይቅም» አለችና ወደ ቤት ገባች። ኦቦ አህመድ ሲወጡ በር ላይ ለአባዬ፣ «ልጅቱ እውነቷን ነው» ሲሉት ሰምቻለሁ። ተቀምጠው ሳሉ ቢሉት ኖሮ እያልኩ ብዙ ዓመት ተናድጄባቸዋለሁ።

አባዬ በእሷ ፋንታ ይቅርታ ጠየቀ። ጋሽ ወርቁም ገላውን መልሶ ሣለ፣ ያለ ፊት። ምስራቅ ፋሲካን እንኳ ሳትውል በጫት መኪና ጋቢና ተሳፍራ በደሳ አክስታችን ዘንድ ሄደች። ትምህርቷ እዚያ ላይ አበቃ። ዛሬ በደሳ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ጎበዝ ነጋዴ ናት፣ ሂሳብ በቃሏ ትሠራለች። ይህንን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ያመኛልም።

ጋሽ ወርቁ ሞቷል። ሰሌዳዎቹም በኅትመት ባነር ተተክተው የምስራቅ ፊት ከከተማው ጠፍቷል። ጌም ቤቱ ስልክ መሸጫ ሆኗል፤ ግድግዳው ተለስኗል። ባለፍኩ ቁጥር ልስኑን አይቼ፣ አለቀ እል ነበር። እሁድ ዕለት ግን ያንኑ ግድግዳ በእህቴ ልጅ መዳፍ ላይ አየሁት። በዚያን ጊዜ ቢያንስ መናኸሪያው ጋ መሆኑን እናውቅ ነበር፣ በወንዙ በኩል መዞር ይቻል ነበር። አሁን በየት ይዞራል? አንዲት እናት በየኪሱ ውስጥ ስንት ባልዲ ኖራ ትደፋለች?

ማስታወቂያው አልፎ ኳሱ ተመልሷል። ናሆም ግን ጥንቅሹን መላጥ ማቆሜን አይቶ መጫወቱን አቆመ። «ምን ሆንሽ አክስቴ?»

ምስራቅ እንድነግረው አልፈቀደችልኝም። እንዳልነግረውም አልከለከለችኝም። ጥንቅሹን አስቀምጬ እጄን ጠረግኩ።

«እናትህ ለምን ፎቶ እንደማትነሳ ትጠይቀኝ አልነበር?» አልኩት። «ስልኩን አስቀምጥና ጠጋ በል። ያቺ ማንም አይደለችም ያልካት ሴት ማን እንደሆነች ልንገርህ።»