የድመታችን የወይዘሮ ስግደት

ልጅ ሳለሁ በሶዶ ከተማ የስኳር ሕመምተኛ ድመት የነበረችው እኛ ቤት ብቻ ነበር። ሌላም ካለ ባለቤቶቹ አላወሩም፤ እኛ ግን ያልነገርነው ሰው አልነበረም። ድመታችን ወይዘሮ ትባላለች። ውሃ አልጠግብ ስትል የእንስሳት ሐኪሙ መርምሮ፣ እንደ አያቴ እንደ አባባ ስኳር እንዳለባት ሲነግረን፣ ሹመት እንደመጣለት ቤተሰብ ቀና ብለን መሄድ ጀመርን። ያኔ ማቀዝቀዣ ስላልነበረን የሁለቱም መድኃኒት እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጎን ለጎን ያድር ነበር። አባባ መጀመሪያ ራሳቸውን፣ ቀጥሎ ሐኪሙ በለየላት ትንሽ መጠን እሷን ይወጋሉ።

ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ኩራዙ ጥቀርሻውን ወደ ጣሪያው እየላከ፣ ፍሙም አመድ እየለበሰ ሲሄድ፣ አባባ ወይዘሮን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። የዳሞታ ተራራው ነብር ዳኛ ሆኖ የተሾመበትን ተረት አብልጬ እወድ ነበር፤ ነብሩ ጋ ሲደርሱ አባባ ስለሚያገሱ፣ ወይዘሮም ደንግጣ ስለምትዘል።

በዐቢይ ጾም አንድ ምሽት ነብሩ አገሳ፤ ወይዘሮ አልዘለለችም። ቀስ ብላ ወረደች፣ እንደ ጠጅ ጠጪ ተንገዳገደች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ግንባሯን መሬት አስነካች።

«ትሰግዳለች!» አልኩ በኩራት።

አክስቴ አማተበች። «ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም እኮ! ሽሮ ብሰጣት አሽትታ ተወችው።»

ተረት ሊሰሙ የመጡት ፕሮቴስታንቷ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ሳቃቸው አመለጣቸው። «እናንተ ቤት ድመትም ይጾማል እንዴ?»

አባባ አልሳቁም። ለእሳቸው የንስሐ አባታቸው በሕመማቸው ምክንያት በጠዋት እንዲበሉ ፈቅደውላቸው ነበር፤ ለወይዘሮ ያሰበላት ግን አልነበረም።

«ምን ስግደት ነው! ይሄን መንቀጥቀጥ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ። ስኳሯ ወርዷል! ሳትበላ ነው የወጋኋት። ማር አምጪ!»

አክስቴ በማንኪያ ልታፈስላት ስትል አባባ እጇን ያዟት። «ታንቂያታለሽ! በጣትሽ ድዷን ቀቢ!»

ቀባች። የወይዘሮ ዓይን ግድግዳው ላይ ፈጦ ቀረ፤ የኩራቴ ምንጭ ፊቴ ልትሞት ነው ብዬ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ቆይቶ ምላሷ ብቅ አለ። ድዷን ላሰች፤ ከዚያ የአክስቴን ጣት።

እትዬ አስቴር ከቤታቸው ሥጋ ይዘው መጡ። «የኛ ቤት ሥጋ ለኦርቶዶክስ ድመት ይሆናል?»

«እኔ ፈትቻታለሁ!» አሉ አባባ። ወይዘሮ ሳህኑን ጭምር ላሰች።

በማግስቱ ሐኪሙ አያት፤ መጠኑን ቀነሰና «ካልበላች መርፌ የለም፤ ወደኔ አምጧት» አለን። ከዚያ ወዲህ አባባ «በልታለች?» ሳይሉ ተረት ጀምረው አያውቁም።

አድጌ የቀበሌ ስብሰባ መሄድ ስጀምር፣ ከጠዋት የተቀመጠው ሕዝብ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ አንገቱ ወደ ፊት ሲያዘነብል አየሁ። ሰብሳቢው «በሙሉ ድምፅ ተቀብላችሁታል!» ብሎ አጨበጨበ። ወይዘሮ ያስተማረችኝ ሰው ነኝና ደረቴን ነፍቼ ተነሳሁ። ሕዝቡን እያሳየሁ «በልተዋል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሰብሳቢው ማጨብጨቡን ቀጠለ። ከኋላ ወንበር ግን አንድ ሽማግሌ በግድ ቀና ብለው «አልበላንም» አሉ።