ሁለቱን ያልቀነሰችው ሰብለ

ዛሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የልጅ ልጄን የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ እያስጠናኋት ነበር። «ቤት ውስጥ x ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ወጡ። በአልጀብራ ጻፉ» ይላል ጥያቄው። x ብዬ ጻፍኩና እጄ እዚያው ቆመ።

«አባባ፣ ሁለቱን ረሳሃቸው እኮ!» ብላ ሳቀችብኝ። (ሒሳብ አንደኛ ነበርኩ እያልኩ ስጎርርባት ነው የኖርኩት።)

እኔ ግን በሐሳብ ደርግ ዘመን፣ ልደታ የተማርኩበት ክፍል ውስጥ ገብቻለሁ።

መምህራችን ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ሰጡን። «‹ወጡ› ካለ ቀንሱ» ብለው ሰሌዳው ላይ x − 2 ጻፉ። አጠገቤ የምትቀመጠው የአብነት ሰፈር ጎረቤቴ ሰብለ ግን x ብቻ ጻፈች። ሁለት ወንድሞቿን ታጣቂዎች ከቤት ከወሰዷቸው ወራት አልፈው ነበር።

«ሁለቱን ለምን አልቀነስሽም?» አሏት።

«አልሄዱማ ቲቸር። እማዬ ማታ ማታ ድርሻቸውን በሳህን ከድና ታስቀምጥላቸዋለች። ጠዋት ስንከፍተው ባዶ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቤታቸው ድመት እንኳ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነበር።

መምህሩ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ሄደው በሩን ዘጉ። ከዚያ ዳስተር አንስተው «− 2» የምትለዋን ብቻ አጠፉ።

እኔም ዛሬ የልጅቷ ደብተር ላይ x ብቻ እንዳለች ተውኳት። ነገ «ወላጅ አምጪ» ቢሏት እኔው እሄዳለሁ።

እናንተ ቤትስ ያልተቀነሰ ሰው አለ? ስሙን እዚህ ጻፉልኝ።