ከጉና ጫፍ ጣናን ያዩ ሴቶች

ዜናውን የሰማሁት እዚህ ጋምቤላ፣ ደጃፌ ላይ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጬ በካርቶን እያራገብኩ ነው። ታናሽ እህቴ ከደብረ ታቦር ደወለች።

«እታለም፣ አንዲት የከተማችን ልጅ ጉና ተራራ ጫፍ ወጣች። የመጀመሪያዋ ሴት ናት ተብሎ ስሟ የተቀረጸበት ድንጋይ እዚያው ሊቆም ነው።»

«አክስታችን ሰምተዋል?»

«ሰምተዋል። ‹ታዲያ እኛ ምን ነበርን፣ ዝንጀሮ?› እያሉ ሲስቁ ዋሉ።»

ለልጅቷ ደስ አለኝ። ነገር ግን አክስቴና ጎረቤቶቻቸው፣ እኔ ሳልወለድ፣ ለደብራችን ጣሪያ ክዳን የሚሆን ጓሳ ሊያጭዱ ጉና ወጥተዋል። ሣሩን አስረው ሲጨርሱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው እስከ ጫፉ ዘለቁ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ያውም ፀጉሬን እየሠራችኝ፣ በሹክሹክታ። በእኛ ዘንድ ለታቦት የተደከመ ድካም አይወራም፤ ከተወራ ዋጋው ይቀራል። እነሱም ዝም አሉ፤ ዝም ስላሉም የሚያውቃቸው የለም።

ድንጋዩ ሳይቆም ልናገር አሰብኩ፤ ደግሞ የአክስቴን ዋጋ እንዳላስቀር ፈራሁ። ጸሎቴን አድርሼ ለራሳቸው ደወልኩ።

«አንቱ ሳይፈቅዱ ላወራው አልወደድኩም» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«የጉናውን። የታቦቱን ሥራ።»

ሳቃቸው መጣ። «ማን ስንት ሸክም አወረደች እንዳትዪ፤ እሱ የታቦት ነው። ጫፍ ውጡ ብሎ ያዘዘን ግን ማን አለ? ጣና ይታይ እንደሆን ልናይ ነው የወጣን። የራሳችን ቅብጠት ነው፤ እንደ ልብሽ አውሪው።»

«ታዲያ ታየ?»

«እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ። አንዷ ጎረቤቴ ጉም ነው ብላ እስከ ቤት ተከራከረችኝ። ዓይኗ ያኔም ደካማ ነበር።»

እህቴ ሄዳ ለልጅቷ ነገረቻት። ልጅቷም አልከፋትም። «ድንጋዩን የሚያቆሙት አንድ ምስክር አይበቃም ይሉኛል፤ አብረዋቸው የነበሩትን ፈልጉልኝ። እስከዚያ ድንጋዩን አስቆየዋለሁ» አለች።

እንግዲህ ያን ቀን ከአክስቴ ጋር ጉና ጫፍ የቆማችሁ እናቶች፣ ትዳር ሐሙሲት ከተማም ሆነ አንበሳሜ ቢያወርዳችሁ፣ ደብረ ታቦር ላለችው እህቴ ቃላችሁን ላኩላት። ስለ ሸክማችሁ አልጠይቃችሁም። ጫፉ ላይ መቆማችሁን ብቻ ተናገሩ። ጉም ነው ያሉት እናትም እባክዎ አይቅሩ፤ አክስቴ ክርክሩን ሊጨርሱ ይጠብቁዎታል።