ከዝርዝሩ ውጪ የተገኘው ልብ ወለድ

ሰኞ ጠዋት... ወስፌዬንና ክሬን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ሳልጨርስ የልጅ ልጄ የአማርኛ መምህር ሱቄ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ጥቁር ፌስታል ይዟል።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ደህና አደሩ?»

«ደህና።» ቀና ብዬም አላየሁት።

ለምን እንዳላየሁት ልንገራችሁ።

እኔ እዚሁ ሶዶ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። መጽሐፍ ቅዱሱም፣ የመዝሙር መጽሐፉም፣ የተበታተነው መዝገብም እኔ ጋ ይመጣል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት ከምሰፋቸው መጻሕፍት ነው፤ አማርኛውንም ጭምር።

የልጅ ልጄ ሳሮን ዘጠነኛ ክፍል ናት። ለሷ ዕድሜ ይሆናል ብዬ አንድ ልብ ወለድ ሰጠኋት። አጎቷ የጎረቤት ሱቅ ሲያቃጥል በዓይኗ ያየች የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ፍርድ ቤት ቆማ ትመሰክርበታለች ወይስ ዝም ትላለች? ነገሩ ይሄ ነው። ሁለቴ አንብቤዋለሁ።

መጽሐፉ አርጅቷል። የመጨረሻዎቹ አስራ ስድስት ገጾች ከክሩ ወልቀው ስለነበር ልሰፋቸው አስቀረኋቸው። ሳሮን ግን አላስቻላትም፤ የቀረውን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች።

ይሄ መምህር ክፍል ውስጥ ነጠቃት። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ለታዳጊዎች የሚመከሩ ልብ ወለዶች» የሚል ዝርዝር ለጥፏል፤ የሳሮን መጽሐፍ እዚያ ውስጥ የለም። «ዝርዝሩን ትታ ቆሻሻ ታነባለች» ብሎ ስድሳ ተማሪ ፊት አቆማት። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነካችም። ሌላ ስሰጣት «ይቅርብኝ አባዬ» ትላለች።

ሄድኩ። መምህራኑ ሻይ በሚጠጡበት ክፍል አገኘሁት።

«አንብበኸዋል?» አልኩት።

«አባባ፣ እሱን መለየት የኛ ሙያ ነው። እርስዎ ይስፉ፤ የሚነበበውን ለኛ ይተዉልን። ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል?»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጥያቄዋን ይዤ ወጣሁ።

እንግዲህ ሰኞ በሬ ላይ የቆመው ይሄ ሰውዬ ነው።

«ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ቤሌ ስሄድ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሸ» አለኝ፣ የሳሮንን መጽሐፍ ከፌስታሉ እያወጣ። «ቦርሳዬ ውስጥ ሌላ የሚነበብ ነገር አልነበረም... ገለጥ አደረግኩት።»

«እሺ?»

«ዳኛው ስሟን ጠሩ... ልጅቷ ተነሳች... ከዚያ አለቀ!»

«አላለቀም። እዚህ ነው ያለው።» መሳቢያዬን በጣቴ መታ መታ አደረግኩ።

«መሰከረችበት?»

«ቆሻሻ ምን ያደርግልሃል?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ትናንት ቤተ ክርስቲያን ስብከቱን ትቼ እሷን ነበር የማስበው።»

በልቤ ደስ አለኝ... አልዋሽም። ፊቴን ግን አልፈታሁም።

«ሁለት ነገር ታደርጋለህ። አንደኛ፣ በነጠቅካት ክፍል፣ እነዚያው ስድሳ ልጆች ፊት መጽሐፏን ትመልስላታለህ፤ ይቅርታም ትጠይቃታለህ። ሁለተኛ፣ የመጽሐፉን ስም በገዛ እጅህ ዝርዝርህ ላይ ትጽፋለህ። ከላይ።»

«ከታች ቢሆንስ... ቦታው ሞልቷል።»

«ከላይ።»

ማክሰኞ አደረገው። ሳሮን ከትምህርት ቤት በቀጥታ እየሮጠች ሱቄ ገባች።

«አባዬ፣ ሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቀኝ! ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ከላይ አጣቦ ጻፈው!»

የቀረውን እዚያው ወንበሬ ላይ ቁጭ ብላ ስታነብ አየኋት። ሲያልቅ ወረቀቶቹን ደረቷ ላይ አቀፈች። «ሌላ አለህ?» አለችኝ። ሁለት ሳምንት የጠበቅኳት ቃል ይቺ ነበረች።

በማግስቱ ሰፍቼ ሰጠኋት። ሳሮን ቂም አታውቅም፤ በማን እንደወጣች እንጃ። «መምህሩ በጣም ለመነኝ፤ ላውሰው» አለች።

«አውሺው» አልኳት። «መጀመሪያ ግን አንዴ ስጪኝ፤ ሙጫው መያዙን ልየው።»

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሰውዬው እያለከለከ መጣ።

«ጋሽ አንጁሎ! የመጨረሻዋ ወረቀት የለችም! ልጅቷ አጎቷን አየችው፣ አፏን ከፈተች... ሳሮንን ብጠይቃት አባዬ ይቆጣኛል አለችኝ!»

ወስፌዬን አስቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ አየሁት።

«ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?»

«እ... ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ።»

«እንግዲያው አንዲት ወረቀት አትከብድህም። ገምታት።»

ሳሮን «አባዬ፣ አሁንስ ይበቃዋል» ትለኛለች። እሷን ይቅርታ ጠይቋል፤ እውነት ነው። እኔን ግን ገና አልጠየቀኝም። ወረቀቷ መሳቢያዬ ውስጥ ናት።

ሙጫ አለኝ... ጊዜም አለኝ።