የሚስቴ የወር ልማድና የክርስትናው ቀን

ሰው ቶሎ ደስ አይለኝም። ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ያነበብኩትም አብዛኛው አናዶኛል። ሚስቴ ግን ለፊደሌ ሥራ አገኘችለት፦ ልማዷ የመጣበትን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር እንዳሰምርላት። በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ስለማትገባ ቀድማ ማወቅ ትፈልጋለች።

አርባ ስድስት ዓመት ሲሆናት ስሌቱ ተበላሸ። አንዴ በሃያ ቀን ይመጣል፣ አንዴ ሁለት ወር ይጠፋል። አሳሳትሽኝ ብዬ ተቆጣኋት።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን ሴት ልጅ ወለደችና ሚስቴን ክርስትና እናት ሁኚልኝ አለቻት። እኛ ሴት ልጅ የለንም። ሴት ሕፃን በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ ቀኑ ንቅንቅ አይልም። ሚስቴ ደሙ ያን ዕለት ቢመጣብኝስ ብላ እንቅልፍ አጣች። ሌላ ሰው ፈልጊ ልትላት ስትነሳ ጎትቼ ጤና ኬላ ወሰድኳት።

የጤና ባለሙያዋ ሚስቴ ወደ ማረጫ ዕድሜዋ እየተቃረበች እንደሆነ፣ መዘበራረቁ ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል፣ በሽታም እንዳልሆነ ነገረችን። ከልክ በላይ ቢፈሳት፣ ወይም ዓመት ሙሉ ቀርቶ ቢመለስ ግን ለምርመራ እንድትመጣ አስጠነቀቀቻት። ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪን አልኳት። ማንም አያውቀውም አለች። ታዲያ ምን ተማርሽ ብላት ሳቀችብኝ።

ሚስቴ ግን በሽታ አለመሆኑን ስትሰማ ቀለላት። መንገድ ላይ፣ “ካላንደርህን ተወው። ካልመጣ ልጄን አቅፋለሁ” አለችኝ።

በሰማንያኛው ቀን ጠዋት ከጓሮ ስትመለስ ፊቷን አይቼ አወቅሁ፤ ደሙ አልመጣም። እኔም ደስ ብሎኝ ጺሜን ስላጭ አገጬን ቆረጥኩት። ደሙ አልቆም አለ። ጨርቅ ይዤበት ብሄድ ቄሱ ከነደሜ እንደማልገባ ነግረው ከበር መለሱኝ። ሚስቴ ገባች፤ እኔ ልማዳቸው ላይ ያሉ ሴቶች ከሚቆሙበት ከቅጥሩ ጥግ ቆምኩ።

አንዷ ደፋር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ “ጋሼ፣ ለእርስዎ ስንተኛ ቀን ነው?” አለችኝ።

ሴቶቹ ተንከተከቱ። ልሳደብ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቅ ቀደመኝ። ቁስሉ እንደገና ደማ።

ቆይቶ ሚስቴ ሕፃኗን አቅፋ ወጣች። ጨርቄን አየች።

“አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?”

“የመጀመሪያ ቀኔ ነው።”

ሳቋ ልጅቷን አባነናት። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ለእኔ ሕፃን ሁሉ አስቀያሚ ነው፤ ይህችኛዋ ግን ደስ አለችኝ።