የጉርድ ሾላው ታንኳ

የሻሽወርቅ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ እያጮለቀች ጎረቤቷን ማየት ለምዳለች። ሰውየው ከቀበሌ ስብሰባ እንደተመለሰ ካኪውን ያወልቅና፣ ሰማያዊ መስመር ባለው የባሕርተኛ ካናቴራው ጓሮ ገብቶ ቀጭን የእንጨት ታንኳ ይሠራል። መንደሩ "እዚህ ምን ውሃ አለና!" እያለ ሲስቅ አብሮ ይስቃል። ታንኳዋ ላይ ሊወጣ ሲል ግን ጫማውን ያወልቃል፤ ቀጥ ብሎ ቆሞም ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣታል።

ዛሬ ስታጮልቅ ያዛት።

"እትዬ፣ ሠርቼ ጨረስኳት። በእኔ በር በኩል ግን መታጠፊያው ጠበባት። አጥሩን ላፍርስና በእርስዎ ግቢ ላውጣት?"

"ወዴት ልትወስዳት?"

"ዝዋይ።"

"ባሕር የለመደ ሰው ሐይቅ ይበቃዋል?"

"ለጊዜው" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የሻሽወርቅ አጥሩን ገፋ አድርጋ አየችው። "በል አፍርሰው። እኔንስ ይዘኸኝ ትሄዳለህ?"

ሰውየው እግሯን አየና ሳቀ።

"ጫማዎን ካወለቁ!"